እትዬ ሄልሜት ዋሻ የገቡበት ቀን

እትዬ ሄልሜት በዋሻው በር ላይ ሲሠሩ ፀጉራቸው ሸብቷል፤ ዋሻውን ግን አይተውት አያውቁም ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «የምርዎን ነው?» ይላል። የምራቸውን ነው።

ከትኬት መቁረጫው ቀጥሎ ያለችው ክፍል የእሳቸው ናት። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ቢጫ ሄልሜት በየልኩ ተሰልፏል። ጎብኚ ሁሉ በእጃቸው ያልፋል። አናቱን በዓይናቸው ይለኩና አንዱን ያወርዳሉ፤ ውስጡን በጨርቅ ወልወል አድርገው ይደፉለታል፤ ማሰሪያውን ከአገጩ ሥር ያጠብቁና ሁለት ጣታቸውን ሰደድ ያደርጋሉ። «ሁለት ጣት ይግባ፤ ሦስተኛ ከገባ ሄልሜት ሳይሆን ባርኔጣ ነው» ይላሉ። ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ የመጣችውን «እመቤቴ፣ ሠርጉ ሌላ ቦታ ነው» ብለው ጠፍጣፋ የላስቲክ ጫማ ያቀብሏታል። ማንም አይቀየማቸውም። የሚቆጡት እንደ እናት ነው።

«እትዬ» የሚለው ከታናሽ ወንድማቸው የመጣ ነው። እናታቸው የሞተችው እሱ ገና ዳዴ ሲል ስለነበር አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አድጎ የዋሻው አስጎብኚ ሲሆን እሳቸውንም አስቀጠራቸው። እሱ «እትዬ» ሲል ትኬት ቆራጯም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ጥበቃውም ተከተሉት፤ «ሄልሜት» የሚለውን ማን እንደጨመረበት አይታወቅም።

ወንድምዬው ዋሻውን እንደ ሳሎኑ ነው የሚያውቀው። እትዬ ግን የታፈነ ነገር አይሆንላቸውም። ለምን እንደሆነ ራሳቸውም አያውቁትም። ሊፍት አይሳፈሩም። አውቶቡስ ላይ በሩ አጠገብ ካልሆነ ቆመው ይሄዳሉ። ብርዱ አጥንት ሲሰብር እንኳ የመኝታ ቤታቸው መስኮት ገርበብ ማለት አለበት። ያችን የሥራ ክፍላቸውን ሳይቀር በሯን አስነቅለው ጥለውታል። ከዋሻው የብረት በር ወዲያ፣ ቀዝቃዛ አየር እፍ የሚልበት ጨለማ ውስጥ፣ አንድ እርምጃ ገብተው አያውቁም።

ከዚህ የተነሳ የሚፈራ ሰው ከሩቅ ይታወቃቸዋል። ያለ ቦታው የሚስቀውን፣ ደጋግሞ የሚያዛጋውን፣ «ቶሎ እንወጣለን አይደል?» እያለ የሚጠይቀውን ማሰሪያውን ሲያጠብቁለት ይለዩታል። «ከፈለግክ እዚሁ ከእኔ ጋር እንጫወት» ይሉታል ቀስ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው።

አንድ ቅዳሜ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አማቱን ይዞ መጣ። ሾፌሩ በር የሚሞላ፣ ክንዱ ግንድ የሚያህል ሰው ነው። አማቱ ደግሞ ቀጠን ፈጠን ያሉ ሴት ናቸው፤ «ሳልሞት ይህን ዋሻ ልየው» ብለው ያስጨነቁት እሳቸው ናቸው። ቦርሳቸውን እሱ በትከሻው አንጠልጥሎታል። ትልቁን ሄልሜት እየደፉለት እትዬ ፊቱን አዩት። ላቡ በግንባሩ ቸፍ ብሏል። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቆ፣ ተነግሮት፣ እንደገና ጠየቀ።

«ወንድሜ፣ እዚህ ጥላ አለ፣ ወንበርም አለ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የአማትየው ጆሮ ግን ቀጭን ነው። «ምን አሉት? ይፈራል ብለው ነው? ኧረ ይሄ ተራራ የሚያህል ሰው!» ብለው ከት ብለው ሳቁ።

ሾፌሩም ሳቀ፣ ያለ ቦታው። ገባ።

የዋሻው ደንብ አስጎብኚው ከፊት፣ ረዳቱ ከኋላ ሆነው ጎብኚውን መሐል አድርገው እንዲሄዱ ነው። የዚያን ቀን ረዳቱን ጉንፋን ጥሎታል። ወንድምዬው «ጥቂት ሰው ነው፣ ብቻዬን እወጣዋለሁ» አለ፤ ሥራ አስኪያጁም «እሺ» አለው። ስለዚህ በሰልፉ ጭራ ላይ የቀረው ሾፌሩ ነበር፤ ከኋላው ማንም የለም።

ከመጀመሪያው አዳራሽ ቀጥሎ ሁለት ግድግዳ የሚቀራረብበት ስፍራ አለ። መሬቱ ላይ የእንጨት መሄጃ ተነጥፏል፤ በግራና ቀኝ የእጅ መደገፊያ ብረት ተተክሏል። ከአንድ ሰው በላይ አያሳልፍም፤ መግቢያውም መውጫውም እሱው ነው። ሌላው ሁሉ ተሻገረ። ሾፌሩ መሐል ላይ ሲደርስ ደርቆ ቀረ። ሁለቱን ብረቶች ጨብጦ ወደፊትም ወደኋላም አልል አለ። እነአማቱ ከወዲያ ማዶ ታገቱ ማለት ነው።

እትዬ ይህን የሰሙት በመገናኛ ሬዲዮው ነው፤ ሬዲዮው እስከዚያ ጠባብ ድረስ እየተንኮሻኮሸም ቢሆን ይሠራል። ወንድማቸው «እትዬ፣ አንድ ሰው ተይዞብኛል» አለ። ከጀርባው «ምንም አይደለም ልጄ፣ ምንም አይደለም፣ እርምጃህን አንሣ!» የሚል የአማትየው ድምፅ ይሰማል።

«ምንም አይደለም አትበሉት!» ብለው ጮኹ እትዬ። «ለእሱ ትልቅ ነገር ነው እንጂ እንዴት ምንም አይደለም? ሰው ምንም አይደለም ሲለኝ እኔ ይብስብኛል! ሬዲዮውን ጆሮው ላይ አድርግለት።»

ሬዲዮው ውስጥ ከባድ ትንፋሽ መጣ።

«ወንድሜ፣ የሄልሜቷ ሴትዮ ነኝ። መተንፈስ ያቃተህ መስሎሃል፣ አይደል? እየተነፈስክ ነው፤ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።»

«እትዬ...» አለ ሾፌሩ በቀጭን ድምፅ። «እርስዎ የት ነው ያሉት?»

«በሩ ላይ።»

«ውጭ?»

«ውጭ።»

ሾፌሩ «ውጭ ሆነው ይቀላል» አለ። እንደ ወቀሳ አልነበረም፤ እንዲያው እውነቱን ተናገረ። እትዬ ግን እንደ ወቀሳ ሰሙት። ጠዋት ፊቱን አይተው፣ ፍርሃቱን አውቀው፣ አማቱ ስለሳቁ ብቻ ዝም ብለው የሰደዱት እሳቸው ናቸው። ሬዲዮውን ለትኬት ቆራጯ ሰጡና ለራሳቸው ሄልሜት አወረዱ። ያን ሁሉ ዘመን የራሳቸውን ልክ አያውቁትም ነበር፤ የመጀመሪያው ዓይናቸው ድረስ ወረደባቸው። ሁለተኛው ልካቸው ሆነ።

«እትዬ፣ ኧረ ወዴት?» አለች ትኬት ቆራጯ።

«ዝም በይ፤ ካናገርሽኝ እመለሳለሁ።»

የብረቱን በር አለፉ። የእጅ ባትሪያቸውን መሬት መሬቱን እያበሩ፣ ቀና ሳይሉ፣ በአንድ እጃቸው መደገፊያውን እያሻሹ ሄዱ። መብራት አለ፤ እሳቸው ግን መብራቱንም አላመኑትም። የመጀመሪያውን አዳራሽ አላዩትም ማለት ይቻላል። ከጣሪያው ጠብ ያለች ውሃ ሄልሜታቸውን ስትመታው በድንጋጤ ስድብ አመለጣቸው፤ ደግነቱ የሰማ አልነበረም። ድንገት የባትሪው ብርሃን ሰፊ ጀርባና የሴት ቦርሳ ላይ አረፈ።

«መጣሁ» አሉና እጃቸውን ጀርባው ላይ ጣል አደረጉ።

ሾፌሩ አልዞረም። «እትዬ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል እኮ» አለ።

«ታዲያስ! እኔም እንዳንተው ነኝ። ዋሻ ስገባ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

«በእውነት?»

«ወንድሜን ጠይቀው፤ አፉን ከፍቶ እያየኝ ነው።»

እውነትም ወንድማቸው ከሾፌሩ ትከሻ በላይ አንገቱን አስግጎ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። ሾፌሩ ሳቅ ብጤ አመለጠው፤ ትከሻውም ትንሽ ወረደ።

«እንግዲህ መዞር አትችልም፤ ሰፊ ነህ» አሉት። «ጠባብ ሰፈር ገብተህ መዞሪያ ብታጣ ከባዱን መኪና ምን ታደርገዋለህ?»

«በኋላ ማርሽ አወጣዋለሁ።»

«ከኋላ ማን ያይልሃል?»

«ረዳቴ።»

«ዛሬ ረዳትህ እኔ ነኝ። ማርሽህን አስገባ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉና ተርሚናል እንደቆመ ረዳት ድምፃቸውን ለቀቁት። «ና! ና! ና! ግራ ያዝ! ና! ቀጥ!»

አንደኛው እጁ ከብረቱ ተላቀቀ። አንድ እግሩ ወደኋላ መጣ፤ ሁለተኛውም ተከተለ። ድምፃቸው ግድግዳው ላይ እየነጠረ «ና! ና!» ይላል፤ ከማዶ ያሉት ጎብኚዎችም ተቀብለው «ና! ና!» አሉ፤ ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የአማትየው ነበር። እትዬ ራሳቸውም በኋላ ማርሽ ላይ እንደሆኑ፣ ጨለማውም ከጀርባቸው እንደሆነ ያስታወሱት አዳራሹ ውስጥ ከደረሱ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ተያይዘው፣ ማን ማንን እንደሚመራ ሳይታወቅ፣ ብረቱን በር አልፈው ፀሐይ ላይ ወጡ። ሾፌሩ ሣሩ ላይ ተዘረጋ። እትዬም አጠገቡ ዱብ አሉ፤ ሄልሜታቸውን ማውለቅ እንኳ ረሱት።

አማትየው ጉብኝታቸውን ጨርሰው፣ ፊታቸው በርቶ መጡ። ከአማቻቸው አጠገብ ተቀመጡና ቦርሳቸውን ከትከሻው ላይ አወለቁለት። «ምነው ልጄ፣ ብትነግረኝ?» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ብትነግረኝም አልሰማህም ነበር» አሉ። ከቦርሳው መሐረብ አውጥተው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ግንባሩን እንደ ሕፃን ጠረጉለት። እሱም ግንባሩን አቀረበላቸው።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ እትዬን ሊያመሰግን ጠራቸው። እሳቸው ምስጋናውን ትተው ወቀሳ ጀመሩ። ያለ ረዳት ሰው መግባት የለበትም አሉ፤ ወንድማቸውንም ሥራ አስኪያጁንም አንድ ላይ ልክ ልካቸውን ነገሯቸው። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ብዙም ሳይቆይ በመጀመሪያው አዳራሽ ውስጥ፣ ከጠባቡ በፊት፣ አግዳሚ ወንበር ተተከለ። ወንድምዬውም እዚያ ሲደርስ ቆም ብሎ «እስከዚህ የመጣ ዋሻ አይቷል፤ ከዚህ መመለስ የሚፈልግ ካለ ረዳቴ ይሸኘዋል፤ ነውር የለውም» ማለት ጀመረ። ሁሌም አንድ ሁለት ሰው እጁን ያወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ደንዳና ወንዶች ናቸው።

እትዬ ግን ደፋር አልሆኑም። መስኮታቸው አሁንም ገርበብ እንዳለ ነው። አንድ ዝግ ቀን ብቻ ወንድማቸውን «ያን ወንበር አሳየኝ» አሉት። እጁን ይዘው ገቡ፤ ተቀመጡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው የዋሻውን ጣሪያ አዩ። የተንጠለጠለው ድንጋይ በመብራቱ ማር መስሎ ነበር።

«ያምራል» አሉ።

«ከጠባቡ ወዲያ ደግሞ ከዚህ የበለጠ አለ እትዬ። እንሂድ?»

«አንተ ንገረኝ፤ ይበቃኛል» አሉና እጁን አጥብቀው ያዙ። እሱም አጠገባቸው ቁጭ ብሎ፣ ለጎብኚ ከሚያወራው በላይ አሳምሮ ያወራላቸው ጀመር።