በእድር ድስት የሚመታ ሮክ

ከጎባ ልወጣ ዋዜማው ላይ፣ ቤታችን በሸኚ ጢም ብሎ፣ እናቴም ያየችውን ሁሉ አቅፋ እያለቀሰች፣ ከአጥሩ ወዲያ «ዱም! ዱም!» የሚል ነገር ተነሣ። ጎረቤታችን ጀማልና ሦስት ጓደኞቹ ሮክ የሚሉትን ጩኸታቸውን ጀምረዋል። ጩኸቱንስ ለምጄዋለሁ፤ ግን ያ ዱምታ! እኔ የእድራችን ንብረት ያዥ ነኝ፤ የትልቁን ድስት ድምፅ አጣዋለሁ እንዴ?

ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ዘው ብል፣ ድስቱን ገልብጠው ይደበድቡታል።

«በስመ አብ! የለቅሶ ድስት?»

«አካም፣ እትዬ ሰናይት! ላንቺ ሽኝት እኮ ነው» አለኝ ጀማል፣ ምንም ሳያፍር።

«እኔ ሞቻለሁ?»

ቅጥል ብዬ ድስቱን አስወሰድኩና ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ፦ ድስቱ ከለቅሶና ከሰርግ በቀር አይወጣም፤ ውሳኔውም ከሳሽ በአካል ቀርባ ክሷን ካላነሳች አይሻርም። ለአገሬ የሠራሁት የመጨረሻ ሥራ ይኸው ነው።

ጀርመን ስገባ የስደተኞች ቢሮዋ ሴትዮ «ሙያ?» አለችኝ። «የእድር ንብረት ያዥ።» አስተርጓሚውን አላበው፤ ሰው ሲሞት የሚሰበሰብ ማኅበር ነው አላት። ቀና ብላ አየችኝ።

«እናንተ ዘንድ ሰው ብዙ ጊዜ ይሞታል?»

«እናንተ ዘንድ አይሞትም እንዴ?» አልኳት። ይህን አልጻፈችውም።

ብርዱንስ እችለዋለሁ፤ ከጎባ በላይ ያለው የሳነቴ ደጋ ንፋስ ፊቱን የገረፈው ሰው ብርድ አይፈራም። እኔን የገደለኝ ጸጥታው ነው! እሁድ እሁድ ባዶ ጠርሙስ መጣል እንኳ ክልክል ነው፣ ኳ ይላል ተብሎ። አንድ እሁድ ሆዴ ቢባባ ስልኬ ላይ «ጎባ» ብዬ ፈለግኩ። የጀማል ባንድ ሦስት ዘፈን ወጣልኝ። ለካ ድስቱን ሳልቀማቸው በፊት ዘፈኖቹን ቀድተው ኖሯል!

የከፈትኩት ላሾፍ ነው፣ እውነቴን ነው። «ሳይሞላ አንሄድም» ይላል አንዱ ዘፈን። ልጁ የሮቤ ጎባ ታክሲ ውስጥ አንዲት ቆንጆ ከጎኑ ተቀምጣለት፣ ታክሲው እንዳይሞላ ይለምናል። ጊታሩ ይንጫጫል፣ ጀማል በኦሮምኛም በአማርኛም ይጮሃል፣ ድስቱ ዱም ይላል። ደግሜ ሰማሁት። ሦስተኛው ላይ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ምን ዓይነት ጆሮ ነው የነበረኝ? ስንት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ «ዝጉት!» እያልኩ ኖርኩ። አሁን ግን አበድኩላቸው፤ ጠዋት እነሱ፣ ማታ እነሱ።

አከራዬ ሽማግሌው በሬን ቆረቆሩ። «ፍራው ሰናይት! ሩሄሳይት!» ወይዘሮ ሰናይት፣ የጸጥታ ሰዓት ነው ማለታቸው ነው። «ምንድን ነው የሚመታው?»

«ድስት ነው።»

«እያበሰሉ ነው?»

«ኧረ ሙዚቃ ነው! የሰፈሬ ልጆች ናቸው።»

«ታዲያ ሰፈርዎ ውስጥ የሚከለክላቸው ሰው የለም?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ለእድሩ ሊቀመንበር ደወልኩ። «ጋሽ ታደሰ፣ እባክዎን ድስቱን ይስጧቸው፤ ክሴን አንስቻለሁ።»

«በአካል ነው የሚለው፣ ልጄ። ያውም በገዛ እጅሽ ጽሑፍ!»

ቢጨንቀኝ ይቅርታ ልጠይቅ ለራሱ ለጀማል ደወልኩ። ገና ሳልጀምር እሱ ቀደመኝ።

«እትዬ፣ ድስቱ ከሄደ ወዲህ ልንበተን ነበር። ግን ጀርመን አገር አንድ ሰው አለ። የአድማጩን ቁጥር ስናይ በየቀኑ ይሰማናል፤ አንዳንዴ በቀን ሃያ ጊዜ! ከሱ ሌላ አድማጭ የለንም። ወላሂ፣ ለሱ ስንል በርሜል እየደበደብን አራተኛ ዘፈን ጀምረናል።»

«ማን ይሆን?» አልኩ።

«ሮክ የገባው ፈረንጅ ነዋ! እንዳንቺ መስሎሻል?» ሳቀብኝ። «የሰፈራችንን ሰው ብንጠብቅማ እስካሁን አልቆልን ነበር።»

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

«በርቱ» አልኩት። «ፈረንጁን እንዳታሳፍሩት።»