የገደሉ ፀጉራም ሰው ለሰው አደገኛ ነው ወይ?

ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ስማር ስለ ሕዋስ፣ ስለ ፈንገስና ስለ እንቁራሪት ሆድ ዕቃ ብዙ ተጠይቄአለሁ። ተመርቄ ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ ግን በሙያዬ የቀረበልኝ ከባድ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ገደል ውስጥ የሚኖረው ፀጉራም ሰው ለሰው አደገኛ ነው ወይስ አይደለም?

ያኔ ደባርቅ ውስጥ አውሬ በሰብል ላይ ያደረሰውን ጉዳት የሚመዘግብ አንድ ቢሮ በኮንትራት ቀጥሮኝ ነበር። ሥራዬ ቀላል ነው። ገበሬ ይመጣል፣ ጭላዳ ገብሴን ጨረሰው ይላል፣ እኔ ቅጽ እሞላለሁ። ጭላዳ ማለት ያ ደረቱ ቀይ፣ ጎፈሬው ረጅም የሆነው የእኛ አገር ዝንጀሮ ነው። በትምህርቴ መሠረት ሣር በል ነው። ይህን አንድ ጊዜ ለአንድ ሽማግሌ ባስረዳቸው፣ «እንግዲያው ገብሴን ሣር መስሎት ይሆናል፣ ይቅር እንበለው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማስረዳት ትቼ ቅጹን ብቻ መሙላት ያዝሁ። ቅጹ ላይ «አውሬው ለሰው ያለው አደገኛነት» የሚል መስመር አለ፤ ከጎኑ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ የሚሉ ሦስት ሳጥኖች።

በጥቅምት መጀመሪያ አለቃዬ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። የመጣው በዳባትና በደባርቅ መካከል፣ ገደል አፋፍ ላይ ካለችው የአክስቴ መንደር ነው። ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ መላ አካላቱን ፀጉር የሸፈነው፣ በሁለት እግሩ የሚሄድ ፍጡር ማለዳ ማለዳ በገብሱ ዳር ስለታየ፣ ለሰው አደገኛ መሆኑን ባለሙያ መጥቶ እንዲያረጋግጥልን ይላል። ብሔራዊ ፓርኩ ቅርብ ስለሆነ አውሬ ለመተኮስ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱን የምሰጠው ባለሙያ ደግሞ እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

«አንቺ የተማርሽው ይህንኑ አይደለም እንዴ?» አሉ አለቃዬ።

ፀጉራም ሰው የሚባል ኮርስ አልወሰድሁም አልሁ፤ በልቤ። በአፌ የወጣው «እሺ» ነው። እኔ ብዙ ነገር የምናገረው በልቤ ነው።

ፀጉራሙን ሰው እኛ አገር የማያውቀው የለም። በየአገሩ ግን ጠባዩ ይለያያል። ከበየዳ የመጣች የክፍል ጓደኛዬ ሴት ይጠልፋል ትል ነበር። የጊች በቅሎ ነጂ ደግሞ ማንንም አይነካም፣ ጨው ብቻ ነው የሚወደው አለኝ። የዛሪማው ሹፌር ፍየል እንጂ ሰው እንደማይበላ በእናቱ ምሎልኛል። እራቴን ሳልጨርስ ስቀር የሚመጣው የልጅነቴ ፀጉራም ሰው ግን ከሁሉም የባሰ ሥራ ፈት ነበር፤ የአንዲት ልጅ ሽሮ መቅረት ከገደል የሚያስወጣው።

ዓርብ ከሰዓት መንደሩ ስደርስ ምስክሮቹ በአንድ ሚሊሻ ደጅ ተሰብስበው ጠበቁኝ። ሚሊሻው ሃምሳ ዓመት የሆናቸው፣ መንደሩ ሁሉ «አያ» የሚላቸው የተከበሩ ሰው ናቸው። ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። እኔ ደብተሬን አወጣሁ።

«ቁመቱ ምን ያህል ይሆናል?»

«ሁለት ሰው ቢደራረብ ነው» አለ አንዱ።

«ምን ሁለት ሰው! ባሕር ዛፍ ያክላል እንጂ» አለ ሌላው።

«የቱን ባሕር ዛፍ? የቤተ ክርስቲያኑን ወይስ ባለፈው ዓመት የተከልኸውን?»

«ፊቱን ያያችሁ አላችሁ?» አልሁ።

«ወደ እኔ ዞሮ ነበር፤ ፊት ግን የለውም።»

«ፊት ከሌለው ወደ አንተ መዞሩን በምን አወቅህ?» አሉት አያ።

«ቆሜ ሳጣራ ልቆይ ነበር?»

ቀስ ብዬ ነገሩን ስመረምር አንድ ሳይንሳዊ ግኝት ላይ ደረስሁ። የፍጡሩ ቁመት ከምስክሩ ሩጫ ጋር አብሮ ያድጋል። ቤቱ ድረስ የሮጠው ሁለት ሰው ነው ይላል። አስፋልቱ ድረስ የሮጠው ባሕር ዛፍ ይላል። ዳባት ገብቶ ያደረው በዚያን ቀን ስላልነበረ እግዚአብሔር ይመስገን። አያ ራሳቸው ስለ ቁመቱ ምንም አላሉም። «አደገኛ ነው ብለሽ ጻፊልን ብቻ፤ የቀረውን ለእኔ ተይው» አሉኝ።

ያደርሁት አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ የአባቴ እህት ናት፤ ባሏ ከሞተባት ሁለት ዓመቷ፣ ልጆቿ ተድረው ከተማ ገብተዋል። እራት ላይ ጎረቤቷ ስለ ፀጉራሙ ሲያወራ ደረቷን እየደቃች «ኧረ እመቤቴ ትጠብቀን! እኔማ ደጅ መውጣት ፈራሁ!» ስትል አመሸች። አሳዘነችኝ።

ጎሕ ሲቀድ በኮሽታ ነቃሁ። ደጅ መውጣት የፈራችው አክስቴ ከግድግዳው ላይ የባሏን ደበሎ አወረደች። ደበሎ የበግ ቆዳ ልብስ ነው፤ ይኼኛው ትልቅ ነው፣ ጥቁር ጠጉሩ እንደ ምንጣፍ የተንጨባረረ። ጠጉሩን ወደ ውጭ አድርጋ ከራሷ ጀምራ ተከናነበችው፣ ጅራፍና ወንጭፍ ይዛ ወጣች። ተከትያት ሄድሁ። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ማሳውን ሞልቶታል። ከሃያ እርምጃ ርቀት፣ ማን እንደሆነች እያወቅሁ፣ አሁን ቤት ስትለብስ ዓይቻት፣ ያ ጥቁር ነገር በሁለት እግሩ ቆሞ እጁን ሲያነሣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸሁ። በምስክሮቹ ላይ የሳቅሁት ሳቅ ግማሹ እዚያው ቀረ።

«አክስቴ!» አልሁ።

«ዝም በይ! ሊወጡ ነው» አለችኝ።

እውነትም ፀሐይ ስትነካቸው ጭላዶቹ ከገደሉ ብቅ ማለት ጀመሩ። አክስቴ ጅራፏን አስጮኸች፣ እንደ ወንድ አጓራች። ጭላዶቹ ተመልሰው ወረዱ። ከዚያ ቁጭ ብላ ሁሉን ነገረችኝ።

በዚያ መንደር ገብስ የሚጠበቀው በተራ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ወንድ ይልካል። ወንድ የሌለው ቤት ዘመድ ይልካል እንጂ ሴት ማማ ላይ አትወጣም። በማሳዋ በኩል ያለውን የአክስቴን የማለዳ ተራ የሚጠብቀው የባሏ ወንድም ነበር። አምና ፀሐይ ከወጣች በኋላ እየመጣ፣ ማማው ላይ እየተኛ፣ ገብሷን ግማሹን ለጭላዳ አስረከበው። በጥርና በየካቲት ከሰው ቤት እየተበደረች ነው የበላችው። ዘንድሮ ለማንም ሳትናገር ራሷ መውጣት ጀመረች። ደበሎውን የለበሰችው ለማስፈራራት አልነበረም፤ ውርጩ አጥንት ስለሚሰብር ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው በጉም ውስጥ ዓይቷት ሮጠ። ቀትር ላይ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ስለ ራሷ ሰማች።

«እና ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? እኔ ነኝ ብል ይስቁብኛል፤ ማማውንም ይከለክሉኛል። አሁን ግን ሰውም ጭላዳም አይደርስብኝ።»

«አክስቴ፣ ሊተኩሱ ነው እኮ! ወረቀት የጠየቁኝ ለዚያ ነው።»

«ለመተኮስ መቆም ያስፈልጋል፣ ልጄ። እነዚህ ይሮጣሉ።»

«አንዱ ቢቆምስ?»

ማሳውን አየች። ለአጨዳ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ተጠራሁ። ቤቱ ሙሉ ነው፤ ካህናቱ ፊት ለፊት፣ ወንዶቹ በየአግዳሚው፣ አክስቴ ከሴቶቹ ጋር በሩ አጠገብ። አደገኛ ነው ብል ጥይት ይፈቀዳል። አደገኛ አይደለም ብል «እንግዲያው ሄደን እንየው» ሊሉ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ የሰውን ክብር ሳይነካ፣ የአክስቴን ምስጢር ሳያወጣ ነገሩን የሚያበርድ። ያ ሁሉ ዓይን ሲያየኝ ንግግሩ ከጭንቅላቴ ወጥቶ ሄደ። ዩኒቨርሲቲ ለእንዲህ ያለው ጊዜ ያስታጠቀኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀረልኝ።

«ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል» አልሁ።

ከዚያ አያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እውነቷን ነው። ጥናት ደግሞ ያለ በድኑ አይሆንም። ነገ ማለዳ አድፍጠን እንጠብቀዋለን። ጥለን እናመጣልሻለን፤ እንደ ልብሽ ታጠኚዋለሽ።»

ሰው ሁሉ «ደግ! ደግ!» አለ። ባለሙያዋ ተናግራለች። በጥንቃቄዬ አክስቴን ልሸፍን ብዬ ሰባት ጠመንጃ አዘዝሁባት። ወደ በሩ ዞሬ አየኋት፤ ዋንጫዋን እያየች ነበር።

አያ ሲወጡ ተከተልኋቸው። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር አልፈው ብቻቸውን እስኪሆኑ ድረስ ከኋላቸው ሄድሁ። ሦስት ጊዜ ልጠራቸው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

«አያ!» አልሁ በመጨረሻ። «ነገ እንዳይተኩሱ።»

«ምነው? አዘንሽለት?»

«አክስቴ ናት።»

«ምኗ?»

«ፀጉራሙ። አክስቴ ናት። በሟቹ ደበሎ ገብሷን እየጠበቀች ነው።»

ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሰው ሊገድሉ እንደነበር እያሰቡ ይሆናል አልሁ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ግን ሌላ ነው።

«ማን ማን እንደሮጠ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ሁላችንንም?»

«ሁላችሁንም።»

«እኔ እኮ ሮጥሁ አይባልም። ጥይት ላመጣ ነው የሄድሁት።»

«እሷም እንደዚያ ነው ያለችው» ብዬ ዋሸሁ።

እኔን ሳያዩ፣ «ሐሙስ ተመልሼ ሄጄ ነበር። አነጣጥሬባታለሁ። ጉሙ መጥቶ ባይሸፍንብኝ...» አሉ። ጥይቱን ከጠመንጃቸው አውጥተው ኪሳቸው ከተቱት።

ሰኞ ማለዳ አክስቴን ከቤት እንዳትወጣ አድርጌ ያዝኋት። አያ ሌሎቹን ወደ ኋላ አስቀርተው ብቻቸውን አፋፉ ድረስ ሄዱና ወደ ሰማይ አንድ ተኮሱ። ተመልሰው ፀጉራሙ ቆስሎ ሳይሆን ደንግጦ ገደሉን እንደወረደ፣ ወደ ዛሪማ ቆላ እንደሄደ፣ ከእንግዲህ የዛሪማ ሰዎች ጉዳይ እንደሆነ አስታወቁ። መንደሩ እልል አለ። እኔም ቅጼን «አውሬው ከአካባቢው ለቋል» ብዬ ሞላሁ፤ አለቃዬ ሳያነቡ ፈረሙበት።

ያልተደሰተች አክስቴ ብቻ ናት።

«ነፍሴን አተረፍሽልኝ» አለችኝ። «ገብሴንስ?»

አላሰብሁበትም ነበር። ፀጉራሙ ሲሄድ ጠባቂዋ ሄደ። ደበሎውን ለብሳ ብትወጣ አያ ሁልጊዜ አጠገቧ ሆነው አያስቀሩላትም፤ ሌላው ይተኩሳል። ተራው ወደ ባሏ ወንድም ተመለሰ። እሱም ማክሰኞ ተኛ፣ ረቡዕ ተኛ፤ ጭላዶቹ የማሳውን የላይኛውን ጥግ ላጩት።

በሚቀጥለው እሑድ በጸጸት ተመልሼ ሄድሁ። ሰንበቴው ላይ የጥበቃ ተራ ሲደለደል አክስቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። የእኔ ድምፅ የጠፋበት ቤት ውስጥ የእሷ ድምፅ ጣሪያው ድረስ ተሰማ።

«የእኔን ተራ እኔ ራሴ እጠብቃለሁ። በራሴ ነጠላ፣ በጠራራ ፀሐይ።»

«ሴት ማማ ልትወጣ?» አለ አንዱ።

«ምን ዘመን መጣብን!» አለ የባሏ ወንድም፤ እንቅልፉ የተወሰደበት እሱ ነውና።

አያ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «ያ ነገር ከቆላ ቢመለስስ?» አሉ። «እዚያ አፋፍ ላይ ማን ነው ብቻውን የሚቆመው? አንተ ትቆማለህ? አንተስ?»

ወንዶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠላቸው ትዝ አላቸው። ዝምታው እስኪያልቅ የሚጠጣው ጠጣ፣ የጨረሰውም ባዶውን ጠጣ። ካህኑ ሳል ቢጤ ሳሉና «እንግዲህ ካልፈራች...» አሉ። ተራው ተሰጣት።

ገብሱ ሊታጨድ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሄጄ አፋፉ ላይ አገኘኋት። ማማው ላይ በነጠላዋ ተቀምጣለች፣ ወንጭፉ ጭኗ ላይ ነው። ከተላጨው ጥግ በስተቀር ማሳው ሙሉ ነበር። አጠገቧ ወጥቼ ተቀመጥሁ። ያ ባሕር ዛፍ ያክላል ያለው ሰውዬ አህያውን እየነዳ ከታች መጣ። ማማው ሥር ሲደርስ ቆመ፤ ወደ ገደሉ አየ፣ ወደ እሷ አየ።

«እታለም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አልተመለሰም?»

«ማን?»

«እሱ ነዋ።»

አክስቴ ድንጋይ ወንጭፉ ላይ አስቀመጠች። «እኔ እያለሁ ምን ሊሠራ ይመጣል?» አለችው።

ሰውዬው አመነ። አህያውን ቸብ አድርጎ አለፈ፤ አፋፉን እስኪያልፍ ድረስ ግን አልሮጥሁም ለማለት ያህል ብቻ ነበር የሚራመደው።