ነጩ ሲጠፋ

ሆሊስ ብራዝዌል ከዶሮ ፋብሪካው በጡረታ ሲሰናበት ይዞት የወጣው ሁለት የደነዘዙ እጆቹን ነበር። ከጎረምሳነቱ እስከ ሽበቱ በሚሽከረከረው ቀበቶ ፊት ቆሞ ክንፍ ሲቆርጥ ኖሯል፤ አንዱን ሳይጨርስ ሌላው እየደረሰበት። በመጨረሻ ጣቶቹ የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ ከጨርቁ ለይተው የማያውቁ ሆኑ። ጠዋት ጠዋት የምትቆልፍለት ሚስቱ ዋይኔል ናት። እሷ ስትቆልፍለት እሱ አገጩን ቀና አድርጎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ዓሣ ማጥመድ ደግሞ የጣት ሥራ ነው። በዚያ በደቡብ አላባማ ያለ ወንዝና ግድብ ሁሉ ውኃው ሻይ ይመስላል፤ አጥማጁ ጣቱን ክሩ ላይ አሳርፎ ዓሣው ነካ ሲያደርግ የሚመጣውን ስስ ንዝረት ይጠብቃል እንጂ የሚያየው ነገር የለም። ያ ንዝረት አልሰማው ሲል ሆሊስ የማጥመጃ ዘንጎቹን ጋራዥ ውስጥ ሰቅሎ ሊተዋቸው ነበር። ከዚህ ያዳነው ከጓሯቸው ያለው ውኃ ነው። ሐይቅ ይሉታል እንጂ ጠንካራ ክንድ ያለው ሰው ድንጋይ ቢወረውር ማዶ ያደርሳል። ከሥሩ ምንጭ ስላለው ጥርት ያለ ነው፤ ነጭ አሸዋው፣ የሰመጠው የጥድ ግንድ፣ በላዩ የሚያልፈው የዓሣ ጥላ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአገሩ አጥማጆች አይወዱትም። «አንተ ዓሣውን ስታየው እሱ አንተን አይቶ ጨርሷል» ይላሉ። ለሆሊስ ግን ጣቱ የነፈገውን ዓይኑ መለሰለት። በጉልበቱ እየዳኸ፣ ከቁጥቋጦ ሥር ተጋድሞ፣ በቀጭን ክር፣ በዓይኑ እያየ ማጥመድ ጀመረ።

«አሮጊቷ» የሚላትን ዓሣ ያያት በዚህ ዓይነት ነው። በዚያ አገር ወንድ የሚመካው በባስ ነው፤ አፉን ሲከፍት ጡጫ የሚያስገባ፣ ጎኑ አረንጓዴ፣ ሆዱ ነጭ የሆነ ዓሣ። አምስት ፓውንድ የሚመዝን የያዘ ሰው ለጎረቤት ያሳያል፤ አሥር የያዘ ሲሞት በቀብሩ ላይ ይወሳለታል። ይህቺ ከዚያም ታልፋለች። በጸደይ፣ የጫካው ነጭ አበባ ሲፈካ፣ ወንዱ ባስ አሸዋውን በጅራቱ ጠርጎ እንደ ሰሃን ያለ መፈልፈያ ያዘጋጃል፤ እንስቷም ከጥልቁ ወጥታ እንቁላሏን ልትጥል ትመጣበታለች። ሆሊስ መጀመሪያ ሲያያት የሰመጠ ግንድ መስላው ነበር፤ ግንዱ ዞር አለ። ቤት ገብቶ፣ «ዋይኔል፣ አንዲት አሮጊት አየሁ፣ አንቺንና እኔን ጨፍልቃ ትውጠናለች» አላት። ያን ጸደይ አባበላት፤ አልሆነም። የሚቀጥለውንም እንዲሁ። ክረምቱን ሙሉ ስለሷ ያወራል።

ከዚያ የቆየበት የስኳር በሽታ ዓይኑ ላይ ወጣ። ከተማ ያለው ሐኪም ከዓይኑ ጀርባ ደም እየፈሰሰ መሆኑን ነገረው፤ መርፌም ወጉት፣ በጨረርም ተኮሱት። ጥቁሩ ነገር ከመሃል ጀምሮ እየሰፋ ሄደ። የቀረችው ከዳር ያለች ትንሽ ብርሃን ናት፤ የመስኮት መኖር ታስታውቃለች፣ የሰው ፊት አታሳይም። ሆሊስ መጋረጃውን አስዘግቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አይላጭም። ቢያቀርቡለት ይቀምሳል፣ ካላቀረቡለት አይጠይቅም። አንድ ቀን ጠመንጃው የት እንደተቀመጠ በዋዛ ጠየቃት። እሷም በዋዛ መለሰችለትና በማግስቱ ወንድሟን ጠርታ ጠመንጃውን አስወሰደችው።

ጸደይ ሲገባ ዋይኔል ከጀልባ ማሰሪያው ጣውላ ላይ ቆማ ልብስ ስታራግፍ አሮጊቷን አየቻት። ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ አጥምዳ አታውቅም፤ ሽታውም አይስማማትም። ግን ገብታ ነገረችው።

«እንትናህ መጥታለች።»

«ማን?»

«አሮጊቷ። ጥዱ ከወደቀበት ሥር።»

«ታዲያ ምን ላድርግላት? ልመርቃት?» አለ።

«እኔ አያታለሁ፣ አንተ ትስባለህ።»

«አንቺ?» አለና ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ የሰማችው ሳቅ ነበር።

በማግስቱ ጀልባ ላይ ወጡ። ዘዴውን እሱ አስተማራት። በክሩ ጫፍ ነጭ የጎማ እንሽላሊት ያስራሉ፤ ነጭ የሆነው ዋይኔል እንድታየው ነው። እንሽላሊት የእንቁላል ሌባ ስለሆነ ባሷ መፈልፈያዋ ውስጥ ስታየው ትቆጣለች፤ ልትበላው ሳይሆን አውጥታ ልትጥለው በአፏ ትይዘዋለች። የምትይዘው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው፤ ከዚያ ትተፋዋለች። «ነጩ ድንገት ይጠፋብሻል፤ ያን ጊዜ አፏ ውስጥ ነው። ‹በል› በይኝ። ‹እንዴ› ብትይ፣ ‹ውይ› ብትይ፣ አለቀ፣ ተፍታዋለች።»

ዋይኔል በረጅም እንጨት ጀልባዋን ገፋች፤ ራቅ አድርጋ አቆመቻት። እሱ ይወረውራል፣ እሷ ትመራዋለች። «ወደ ግራ። አይ፣ አበዛኸው። ቀስ ብለህ ሳብ። እንደሱ። ተወው አሁን።» አሮጊቷ መጣች። ጥላዋ ብቻ ሰው ያስፈራል። አፍንጫዋን ወደ እንሽላሊቱ ደፋች፤ አፏ ተከፈተና ነጩ ጠፋ።

በመጀመሪያው ቀን ዋይኔል ዝም ያለችው ሆን ብላ አልነበረም። የዓሣዋ አፍ ሲከፈት አይታ ምላሷ ታሰረ፤ ቃሉ ሳይወጣ ነጩ ተመልሶ አሸዋው ላይ ወደቀ።

«ነካችው?» አለ ሆሊስ።

«አልነካችውም» አለች፤ አፍራ ነው።

ያን ቀን ማታ ሆሊስ ጠግቦ በላ። የተጠበሰውን የአሳማ ሥጋ በመረቁ፣ ትኩሱን ዳቦ፣ የበቆሎውን ገንፎ ጭምር። ውኃው ምን ያህል እንደሞቀ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ነገ ከየትኛው ወገን እንደሚቀርቡ ሲያወራ አመሸ። ጠዋት ሳትቀሰቅሰው ተነሥቶ ሲላጭ አገኘችው፤ አገጩን በሁለት ቦታ ቆርጦት እየደማ ያፏጫል።

በሁለተኛው ቀን ነጩ ሲጠፋ ዋይኔል ደህና አድርጋ አየች። ምላሷም አልታሰረም። ግን ያ ፉጨት ትዝ አላት። ይህቺን ዓሣ ዛሬ ከያዘ ነገ ምን ብሎ ይነሣል? ነጩ ተመልሶ ታየ።

«እህስ?»

«ዙሪያውን ትዞራለች እንጂ አልደፈረችም።»

«ትደፍራለች» አለ ሆሊስ። «ግድ የለም። ጊዜ አለን።»

እንዲህ ሆኖ ከረመ። አሮጊቷ በቀን ስንቴ ትይዘው ነበር፤ ዋይኔል ዝም ትላለች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ልቧ እየመታ፣ በኋላ በኋላ ግን እንደ ማንኛውም የቤት ሥራ። እሱ ዘንጉን ይዞ፣ ያንን የማያይ ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ፣ አፉን ከፈት አድርጎ ቃሏን ይጠብቃል። አንዳንዴ ያንን ፊት ማየት ሲያቅታት ወደ ጫካው ትዞራለች።

ከማዶ ዴልማር ያንሲ የሚባል ጎረቤት ነበር፤ የከብት መኖ ጫኝ መኪና ነጂ፣ ጎልማሳ፣ ለሰው ክፉ የማያስብ። የውኃ ነጸብራቅ የሚያጠፋ መነጽሩን አድርጎ ከራሱ ዳርቻ ሁሉንም ያያል። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ቅርጫት እንጆሪ ይዞላቸው መጣና በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ዋይኔል በበረዶ የቀዘቀዘ ሻይ ቀዳችለት።

«ሚስተር ሆሊስ» አለ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ትናንት ዓሣዋ ስትውጠው አየሁ። ከትናንት ወዲያም። ሙልጭ አድርጋ ነው የምትውጠው። የማይስቡት ለምንድን ነው? የምታውቁት ነገር ካለ ለእኔም አስተምሩኝ።»

ዴልማር መጀመሪያ ሆሊስን፣ ከዚያ ዋይኔልን አየ፤ ያን ጊዜ ገባው። ሻዩን ሳይጨርስ አስቀምጦ፣ «እንግዲህ ውሻዬም አልበላ፣ ልሂድ» ብሎ ወረደ።

ሆሊስ የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ጠበቀ።

«እውነቱን ነው?»

«እውነቱን ነው።»

«ምን አድርጌሽ ነው፣ ዋይኔል?»

«ምንም አላደረግከኝም። ከያዝካት በኋላ ከዚያ ወንበር የሚያነሣህ ነገር አጣሁልህ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«ዓይን ሆነችልኝ ብዬ ነበር» አለ። ድምፁ ከፍ አላለም። «ለካ ድብብቆሽ ነው ስትጫወቺብኝ የከረምሽው።»

«ሆሊስ።»

«እኔ እዚያ አፌን ከፍቼ። አንቺ እያየሽ።»

ልትነካው እጇን ዘረጋች፤ መምጣቷን ከእርምጃዋ አውቆ ወደ ኋላ ሸሸ። ያን ምሽት ስልኩን በዳበሳ አንሥቶ ወደ ዴልማር ሲደውል ከወጥ ቤት ሆና ሰማችው።

ጠዋት ሸሚዙን ራሱ ቆለፈ። ብዙ ፈጀበት፤ ሲጨርስ አንዱ ወገን ከሌላው ረዝሞ አንገቱ ላይ ተጣሞ ነበር። ዋይኔል አየችው፣ ልታስተካክለው ግን እጇን አላነሣችም። ዴልማር መጣና ክንዱን ይዞ ወደ ጀልባዋ ወሰደው፤ እሷን «እንደምን አደሩ» ሲላት ወደ ዓይኗ አላየም።

ጣውላው ጫፍ ድረስ ተከትላቸው ሄደች። ጀልባዋ ከዳር ስትለቅ ግን ተመልሳ ቤት ገባች። ሬዲዮውን ከፍ አድርጋ፣ የቧንቧውን ውኃ ለቅቃ፣ የታጠበውን ሳህን ሁሉ እንደገና ማጠብ ያዘች።

ስንት ሰዓት እንደቆየች አታውቅም። በሩ ሲከፈት ሆሊስ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ በዴልማር ተደግፎ ገባ።

«አሥራ አምስት ፓውንድ፣ ሚስ ዋይኔል» አለ ዴልማር። «ከዚያም ትንሽ ያልፋል። በሚዛኔ መዝኛታለሁ። ለቀቅናት፣ ደህና ሆና ሄደች።»

«እንኳን ደስ አለህ» አለችው ሆሊስን።

«አመሰግናለሁ» አለ፣ ለባዕድ ሰው እንደሚባለው።

ዴልማር በስልኩ ያነሣው ፎቶግራፍ አገሩን አዳረሰ። ሰዎች እየመጡ የሆሊስን እጅ ጨበጡ፤ በጠረጴዛው ላይ ኬክ ተከመረ፤ ቄሱ ከመድረክ ላይ ሆነው ቀለዱበት። እሱም ፈገግ እያለ ታሪኩን ደጋግሞ አወራ፤ ዴልማር ‹በል› ሲለው እንዴት እንደሳበ፣ ዘንጉ እንዴት እንደጎበጠ። ከዚያ ሰው መምጣቱን ተወ። ሆሊስም መጋረጃውን አስዘጋ።

ዋይኔል ሞከረች። በበጋው መጨረሻ፣ «ሌላ ትልቅ አይቻለሁ፣ ከመጀመሪያዋ ብዙም አታንስም» አለችው፤ እውነትም ነበር።

«አንቺ ካየሻት ትሁንልሽ» አለ።

ይቅር ማለቱንም አለማለቱንም በቃል አልነገራትም። ሸሚዙን እንድትቆልፍለት ግን ፈቀደላት፤ አሁን ጣሪያውን አያይም፣ አገጩን ወደ ታች ጥሎ ይጠብቃታል። በመኸር በስኳሩ የተነሣ እግሩ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት። ብርዱ ሲገባ አልጋ ላይ ዋለ፤ ምግብ ስታቀርብለት ከንፈሩን ይገጥማል። የገና ዛፉን ባወረደችበት ሳምንት ሞተ። ዋይኔል የፈራችው አንድ በአንድ ደርሷል፤ ይህን ለማንም አላለችም፣ ማለቱም የሚጠቅማት ነገር አልነበረም።

በጸደይ ዴልማር በረንዳው ሥር ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ጀልባዋን አንዳንዴ ቢወስዳት ይከፋት እንደሆን ሊጠይቅ ነው የመጣው።

«ውሰዳት» አለችው። «እንዳትበሰብስ።» ሊሄድ ሲል አስቆመችው። «ዴልማር፣ ሆሊስ የያዛት ቀን ምን አለ? ለሰው ያወራውን አይደለም።»

ዴልማር ኮፍያውን በእጁ እያዞረ አሰበ። «አቀፋት። እጁ አይሰማው፣ ዓይኑ አያይ፣ እንዴት ይወቃት? ጉንጩን አስደግፎ ከራሷ እስከ ጅራቷ ሄደባት፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሕፃን። ከዚያ አንቺን ጠየቀኝ።»

አንቺ ማለቱን ሁለቱም አላስተዋሉም።

«ምን ብሎ?»

«‹ዋይኔል ጣውላው ላይ ቆማለች? እያየች ነው?› አለኝ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መረቡን ስፈታ ነበር። ‹አዎ፣ እያዩ ነው› አልኩት። ያን ጊዜ ወደ ቤቱ አዙሮ ከፍ አደረጋት። እስኪደክመው ያዛት።» ቀና ብሎ አያት። «ነበሩ አይደል?»

«ነበርኩ» አለች ዋይኔል። «አይቼዋለሁ።»

ዴልማር ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀና ገመዱን ሊፈታ ወረደ።