በወፎቹ ፎቶ ውስጥ ያለው ልጅ

ልጅ እያለሁ ቤታችን እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ወንበር፣ ቀጥሎ አልበም ይቀርብለት ነበር። እማዬ ጓዳ ደርሳ እስክትመለስ እንግዳው ብቻውን እንዳይቀመጥ፣ ያን ሽፋኑ ላይ ቀይ ጽጌረዳ የታተመበትን ከባድ አልበም ጭኑ ላይ የማኖር ሥራ የእኔ ነበር። የገጾቹ ላስቲክ ሲገለጥ ጠጭ ጠጭ ይላል፤ ሽታው እንደ አዲስ ጫማ ካርቶን ነው። የእናንተም ቤት እንዲሁ እንደነበረ አልጠራጠርም። እንግዳው ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይፈርዳል። "ይቺ ደግሞ ማን ናት? እንዴት ከስታለች!" "ይሄስ ቁርጥ አባቱን!" በዚያ ጊዜ የሰው ፎቶ አይቶ ዝም ማለት እንደ ንቀት ይቆጠር ነበር።

አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ከደሴ ለሥራ መጥቶ ባሕር ዳር ቀረ፤ እናቴን አገባ፣ ታላቅ ወንድሜን ዳኛቸውንና እኔን ወለደ። ለጣና ግን እስከ መጨረሻው እንግዳ እንደሆነ ነው የኖረው። እኛ ዞር ብለን የማናየውን ውኃ እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ያየዋል። ካሜራ ካገኘ በኋላማ ባሰበት። ቅዳሜ ጠዋት እኔንና ዳኛቸውን አስከትሎ ዓሣ አጥማጆቹ ወደሚወጡበት ዳርቻ ይወርዳል። እነሱ ዓሣውን እየከፈሉ ሆድ ዕቃውን ሲወረውሩ ፔሊካኖቹ ያን ትልቅ ከረጢት የመሰለ መንቆራቸውን ከፍተው ይሻማሉ። የዓሣው ክርፋት፣ የእርጥብ ደንገል ሽታ፣ እግራችን ሥር የሚንቦጫረቀው ጭቃ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይመጣልኛል።

አባቴ መጀመሪያ ያነሳው የፔሊካን ፎቶ አልበሙ ውስጥ ከእኛ ከልጆቹ ጎን ገባ። ያየው እንግዳ ሁሉ ግራ ተጋባ። የፋብሪካ ባልደረባው ጋሽ በላይ ፎቶውን አገላብጠው አዩና "ወፎቹስ ደግ፤ ሰውስ የታለ?" አሉ። ከእሳቸው በኋላ የመጣው ሁሉ ይህንኑ ደገመው። ፊልም እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ፣ ልጆች እያሉ፣ ሰው የሌለበት ፎቶ ማንሳት ምን የሚሉት ነው? አባቴ በመጀመሪያ ሳቀ፤ እየቆየ ግን ነገሩ ከነከነው። አንድ ቀን አልበሙን ጭኑ ላይ አድርጎ ብዙ ካየ በኋላ "እውነታቸውን ነው፤ የሆነ ነገር ጎድሎታል" አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳኛቸው የፋሲካ ሸሚዙን እንዲለብስ ታዘዘ። ሸሚዙ ነጭ ነው፤ እማዬ "ጭቃ ቢነካው ወየውልህ" ብላ ሸኘችው። ዳርቻው ላይ ጋሽ እንድሪስ ነበሩ፤ ደንገል እያሰሩ ታንኳ የሚሠሩ፣ በዚያው ታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰው። ዳኛቸውን ደግፈው ታንኳው ላይ አስቀመጡትና "ቀጥ ብለህ ተቀመጥ ልጄ፤ ታንኳ የሚቁነጠነጥ ሰው አትወድም" አሉት። ታንኳውን ወደ ውኃው ገፋ አደረጉት። ከዚያ የዓሣውን ሆድ ዕቃ በዙሪያው በተኑት። ወፎቹ ከየአቅጣጫው መጥተው ወንድሜን ከበቡት። አባቴ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ "ወደዚህ እይ! ዳኜ ወደዚህ!" ይላል። ወፎቹ ባንዴ ሲነሱ የክንፋቸው ነፋስ ፊቴን መታኝ፤ ካሜራው ቀጭ አለ። ዳኛቸው ታንኳው ላይ ሆኖ ይስቅ ነበር። እዚህ ላይ ሲስቅ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ልነግራችሁ በተገባኝ ነበር።

ፊልሙ እስኪያልቅና እስኪታጠብ ጠበቅን። ሲመጣ ወፎቹ ጉድ ናቸው፤ እያንዳንዷ ላባ ትቆጠራለች፣ ከክንፋቸው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውኃ ይታያል። በግራ በኩል ታንኳው ላይ ያለው ልጅ ግን ድፍን ጥቁር ነው። ፀሐይዋ ከኋላው ነበረች፤ አባቴ ወፎቹን ሲያይ ይህን አላየም። ጋሽ በላይ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ሰው አስገባ ብንልህ የሰው ጥላ አስገባህ!" ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ራሱ ዳኛቸው ነበር። አባቴ ፎቶውን አልበሙ ውስጥ መልሶ "ለሚቀጥለው ፊልም ፀሐይን ከጀርባዬ አደርጋለሁ፤ ያኔ ይስተካከላል" አለ።

የሚቀጥለው ፊልም አልመጣም። በዚያው ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዳኛቸው ይፋግ ወደሚኖር የአባቴ ወዳጅ ቤት ሄደና ወባ ይዞት ተመለሰ። ተሻለው ሲባል አገረሸበት፤ ሐኪም ቤት ተወሰደ፤ ከዚያ የመጣልን ሬሳው ነው። አባቴ ካሜራውን ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ከዚያ በኋላ ሲነካው አላየሁም።

ከሰልስቱ በኋላ የእማዬ ታላቅ እህት፣ መሸንቲ የሚኖሩት እትዬ ዘርፌ፣ አልበሙን አውጥተው የዳኛቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ ነቀሉ። የክርስትናውን፣ የጥምቀቱን፣ የትምህርት ቤቱን ጉርድ፣ ከአልበሙ የኋላ ኪስ ኔጋቲቮቹን ሳይቀር። "እህቴ ይህን እያየች አልቃ ትሙት?" አሉ። ቤቱን የሞሉት ሴቶች ሁሉ ደግ አደረግሽ አሏቸው። እንዲያ ነው የሚደረገው፤ የሞተ ልጅ ፎቶ ከእናት ዓይን ይሸሸጋል፣ ሐዘኑ በረድ ሲል ይመለሳል። በወፎቹ ፎቶ ላይ ሲደርሱ ግን ሳይነቅሉት ገጹን ገለጡት። ወፍ ነዋ! ጥቁሩ ልጅ እሱ መሆኑ አልታያቸውም።

ሐዘኑ በረድ እስኪል ዓመታት ሄዱ። እማዬ አንድ ቀን ጨክና "እስቲ አምጭልኝ" አለች። እትዬ ዘርፌ ከጣሪያቸው ሥር ያኖሩትን ፌስታል ይዘው መጡ። ክረምት አፍስሶበት ኖሮ ፎቶዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ድፍን ነገር ሆነዋል። እማዬ በጥፍሯ ልትለያያቸው ሞከረች፤ አንዱ ሲላቀቅ ቀለሙ ከሌላው ጀርባ ጋር ሄደ፣ የቀረው ነጭ ወረቀት ነው። እትዬ ዘርፌ ደረታቸውን እየመቱ "ለደግ ብዬ እኮ ነው፣ ለደግ ብዬ" ይላሉ። እማዬ "አውቃለሁ" አለቻቸው። ትምህርት ቤቱንም ጠየቅን፤ የዚያን ጊዜ ነገር አልቆየም አሉን።

አሁን አባቴም የለም። እማዬን የዓይን ግፊት ይዟታል። ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውም እየጠበበ እንደሚሄድ ነግሮናል። ከሐኪም ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እጄን ይዛ "ስንድዬ፣ ዓይኔ ሳይጠፋ የወንድምሽን ፊት አውጭልኝ" አለችኝ። "ከየት እማዬ?" "ከዚያች ከወፎቹ ፎቶ። ዛሬ ኮምፒውተር የማያወጣው የለም ይሉ የለም?" እኔ ኮሌጅ ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ ኮምፒውተር ከዋለበት እውላለሁ። እሽ አልኋት።

ፎቶውን ስካን አድርጌ የዱር እንስሳትና የወፍ ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች በተሰባሰቡበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አስገባሁት፤ እንዴት እንደማሻሽለው ምክር ስጡኝ አልሁ። ምክሩ ጎረፈ። ፔሊካኖቹ አፍ ያስከፍታሉ፣ ሰማዩን ትንሽ አድምቂው፣ ቧጨራዎቹን አጽጂ። ሁሉም የተስማሙበት ግን አንድ ነገር ነው፤ "በግራ በኩል ያለው ጥቁር ነገር ዓይን ይሰርቃል፤ ቁረጭው።" ያ ጥቁር ነገር ወንድሜ ነው ብዬ ጻፍሁ። ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ከልባቸው ሊያግዙኝም ሞከሩ። ጨለማውን እንዲህ አብሪው፣ ያችን የብርሃን መለኪያ ወደዚህ ሳቢያት አሉኝ፣ ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። የእሱን ፊት ሳበራ ወፎቹ ነጥተው ይጠፋሉ። ይጥፉ አልሁ። አንድ ጆሮ መጣ፤ የሸሚዙ ኮሌታ መጣ። ከዚያ ወዲያ ያለው የተበተነ አሸዋ ብቻ ነው። ፊልሙ ያልያዘውን ከየት ላምጣው?

ከቡድኑ አቤል የሚባል ልጅ፣ አይቼው የማላውቅ ትሑት ልጅ፣ አንድ ቀን ፎቶውን መልሶ ላከልኝ። ታንኳው ላይ ያለው ልጅ ፊት አለው! ቢሮ ውስጥ ጮህሁ፣ ሰዎች ዞረው አዩኝ። ከዚያ አስጠግቼ አየሁት። ቆንጆ ልጅ ነው፤ ዳኛቸው ግን አይደለም። አቤል በአፕ እንደሠራው ነገረኝና "ምኑ እንደሚስተካከል ይንገሩኝ፤ እሱን እስኪመስል አብረን እንሠራዋለን" አለኝ።

ነገርሁት። አገጩ እንዲህ ሰፊ አልነበረም። ጆሮው ወጣ ይል ነበር። የአባቴንና የራሴን ፎቶ ላክሁለት። እሱ ያስተካክላል፣ እኔ አርመዋለሁ፣ እንደገና ይልካል። መጀመሪያ ላይ "አይደለም" ለማለት አልቸገርም ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ማመንታት ጀመርሁ። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው፤ ግን በየትኛው? ከንፈሩስ? ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። አዲሱን ምስል የማወዳድረው ከቀድሞው ምስል ጋር ነበር እንጂ ከዳኛቸው ጋር አልነበረም። ዳኛቸውን ስፈልግ የሚመጣልኝ አቤል የላከልኝ ልጅ ሆነ። ደነገጥሁ። ቢሆንም እማዬ አለች ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ዘጠኝ ወር የተሸከመች፣ አጥባ ያሳደገች አትሳሳትም፤ ካልሆነም አይደለም ትለኛለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ስልኩን ሰጠኋት። ዓይኗ የምታይባት ጠባብ ቀዳዳ እስክትገኝ ራሷን እንደ ዶሮ ዘንበል ቀና እያደረገች አየችው። አስጠጋችው፣ አራቀችው። "ልጄ!" ብትል እልል እላለሁ፤ "አይደለም" ብትልም የሚያውቅ አለ ማለት ነው፣ ያም ይበቃኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"እሱ ነው?" አለችኝ።

"አንቺ ታውቂው የለም እማዬ?"

"እንጃ ልጄ። እኔስ አሁን አሁን የሚመጣልኝ ድምፁ ነው።" ስልኩን መለሰችልኝና የድሮውን ፎቶ አምጭ አለችኝ። አመጣሁላት። በመዳፏ ዳሰሰችው። "በየት በኩል ነው ያለው?" አለች። ጣቷን ይዤ ጥቁሩ ላይ አኖርሁላት። ጣቷን ሳታነሳ እዚያው ቆየች።

ባለፈው ቅዳሜ ወደዚያ ዳርቻ ወረድሁ። እምቦጩ ውኃውን እስከ ሩቅ ሸፍኖታል። ጋሽ እንድሪስ በሕይወት የሉም፤ ልጆቻቸው በጀልባ ይሠራሉ። ፔሊካኖቹ ግን ዛሬም ይመጣሉ፣ ምንም እንዳልሆነ ይሻማሉ። እዚያው ቆሜ ስልኬን ብከፍት ከቡድኑ አንዱ፣ ክፋት ሳይኖርበት፣ ግራውን ቆርጦ የወፎቹን ፎቶ ለጥፎታል። ሰማዩ ጠርቷል፣ ወፎቹ ያበራሉ። ሥሩ በልብ ምልክት ተሞልቷል፤ "አሁን ገና ተስተካከለ" ብለዋል። አየሁት፤ እውነትም ያምራል። ድሮ ያን አልበም የገለጠ ሁሉ "ሰውስ የታለ?" ይል ነበር። ዛሬ እሱን የምትጠይቀኝ እማዬ ብቻ ናት።