ባዝራዋ የትም አልሄደችም

በዚያ ዓመት ጥር ከመግባቱ በፊት የሚያስል ፈረስ ወሬ ከየቀበሌው ይሰማ ጀመር። እኔ እንጅባራ አካባቢ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ሰው መስማት የማይፈልገውን መናገር የሥራዬ ግማሽ ነው። የሚያስል ፈረስ ያለው በጥር ከሚከበረው የፈረስ በዓል እንዲቀር፣ ያረገዘች ባዝራ ያለው ደግሞ ከነጭራሹ ከግቢ እንዳያስወጣት እየዞርኩ አስጠነቀቅሁ። አንዳንዱን ተቆጥቼዋለሁም።

ከሰሙኝ ሰዎች አንዱ የአባቴ የፈረሰኞች ማኅበር ጓደኛ ናቸው፤ እኔ "አያ" ነው የምላቸው። ያለቻቸው አንዲት ዳማ ባዝራ ነበረች፤ ልትወልድ ሦስት ወር ያህል ቀርቷታል። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ጥርን ሳይጋልቡ ያሳለፉበት ዓመት የለም።

"ቀስ አድርጌ ብነዳትስ?" አሉኝ።

"ድካሙ አይደለም አያ፣ በሽታው ነው። ከታመመ ፈረስ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ከተገናኘች ጽንሷን ልትጥል ትችላለች።"

አንገቷን ዳበስ አደረጉ። "እሽ፣ አንች ካልሽ እቀራለሁ። ውርንጭላው ይበልጥብኛል" አሉ።

በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት የአባቴ ፈረስ ሲያስል ሰማሁ። አፍንጫው ውኃ ውኃ ይላል፤ ቴርሞሜትር ባስገባለት ትኩሳት አለው። አባቴ የልጓሙን ጠፍር ቅቤ እየቀባ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝና "አቧራ ነው" አለ።

አቧራ እንዳልሆነ እሱም እኔም እናውቃለን። ግን የአባቴ እግር እየከዳው ነበር፤ በሚመጣው ዓመት ኮርቻ ላይ መውጣት እንደማይችልም ሁለታችንም እናውቃለን። "አዎ፣ አቧራ ይሆናል" አልኩት። አገሩን ሁሉ ስቆጣ የከረምኩት ሴትዮ ለአባቴ የጠፍሩን ጫፍ ያዝኩለት።

በማግስቱ ጋለበ። አምሮበት ነበር፤ ይህን አልክድም። ሲመለስ ግን በቀጥታ ወደ ቤት አልመጣም።

"ያ ሰው ብቻውን ቤት መቅረቱ አሳዘነኝ። ጎራ ብዬ በዓሉን ሳጫውተው ቆየሁ" አለኝ።

"ፈረሱንስ የት አሰርከው?"

"ምን አሰርኩት፣ ግቢ ገባ እንጂ! ከባዝራዋ ገንዳ ጠጣ። ሲሻሹ ብታያቸው" ብሎ ሳቀ።

ያን ጊዜውኑ ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ። የሆነውን መመለስ ባልችል እንኳ ቢያንስ እንዲያውቁት ማድረግ እችል ነበር። ግን ሄጄ ምን እላለሁ? የአባቴ ፈረስ ታሞ እያወቅሁ ዝም አልኩ ልበል? ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ሲነጋም ያንኑ አልኩ።

አምስት ሳምንት ያህል እንዳለፈ ደወሉልኝ። ስደርስ ውርንጭላው ጭድ ላይ ተጋድሟል፤ ሞቶ ነው የወጣው፣ ፀጉሩ እንኳ በደንብ አልሞላም። ባዝራዋ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ሣሯን ትበላለች።

"ምን አጠፋሁ ልጄ? እንዳልሽኝ አስቀመጥኳት። የትም አልሄደች። ከወዴት መጣባት?" አሉኝ።

ገንዳው ከአጠገባችን ነበር። እያየሁት እንዲህ አልኳቸው፦ "አያ፣ ይኼ ቫይረስ ፈረስን አንዴ ከያዘው ከሰውነቱ አይወጣም። ለዓመታት ተደብቆ ይኖርና አንድ ቀን ይነሣል። ምናልባት ከትንሽነቷ ጀምሮ አብሯት የነበረ ይሆናል።"

ከተናገርኩት ውስጥ መጽሐፍ ላይ የሌለ ነገር የለም። ናሙና ተልኮ ስላልተመረመረም ተሳስተሻል የሚለኝ ሐኪም አይገኝም። እኔ ግን እየዋሸሁ ነበር።

ባያምኑኝ ኖሮ ይሻል ነበር። "እንግዲያ ደሟ ውስጥ ካለ ምን አደርጋታለሁ" ብለው ለአንድ የዳንግላ ባለጋሪ ሸጧት። እንዲህ ያለች ባዝራ ዳግመኛ በሰላም ልትወልድ እንደምትችል አልነገርኳቸውም ነበር። ከዚያ ግቢ ቶሎ ለመውጣት ስቸኩል ይህችን አንዲት ቃል ዘለልኳት። መሸጧን የሰማሁት ከሄደች በኋላ ነው።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ዳንግላ ሄጄ ባዝራዋን መናኸሪያው አጠገብ አየኋት። እህል የተጫነበት ጋሪ ትጎትታለች። ከጎኗ እንደሷ ዳማ የሆነ ውርንጭላ ዱብ ዱብ ይላል፤ ጋሪው በቆመ ቁጥር ሊጠባ አንገቱን ይሰዳል። የመጣሁበትን ጉዳይ ረስቼ እስኪርቁ ድረስ ቆሜ ቀረሁ።

ዘንድሮ አባቴ ሞተ። የማኅበሩ ሰዎች እንደ ደንባቸው ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ለቀብሩ መጡ። ከፈረሶቹ ኋላ አንድ ሽማግሌ በእግራቸው ይመጣሉ፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሷል። አያ ነበሩ። ከማኅበሩ በእግሩ የመጣ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። "አባትሽን አልረሳውም" አሉኝ። "ባዝራየን ብየ የቀረሁ ዕለት ያን ሁሉ ሰው ትቶ እኔን ብሎ የመጣ እሱ ብቻ ነው።"

ንገሪያቸው አለኝ ልቤ። ብነግራቸው እሳቸው የሚወዱትን አባቴን እነጥቃቸዋለሁ። ባልነግራቸው ያቺ ባዝራ በእሳቸው ዘንድ እንደ በሽተኛ ትቀራለች፣ እሳቸውም ያለ ፈረስ። ለማን ብዬ ዝም እንዳልኩ እስከ ዛሬ ለራሴም አላብራራሁትም። ለእሳቸው ነው እንዳልል፣ ያን ያህል ደግ አይደለሁም።

"እግዜር ያክብርልኝ አያ" አልኩና፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተዋልና የሚቀመጡበት ወንበር ፍለጋ ሄድኩ።