አልቀበልም ያለው የመዝገብ ቤት ኮምፒውተር

ከተመረቅኩ ገና ሁለተኛ ወሬ ነው። ሸዋ በር አካባቢ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የደብዳቤ መመዝገቢያ ፕሮግራም እንድጭን ተላክሁ። ከአራቱ ኮምፒውተሮች ሦስቱ ወዲያው ተቀበሉ። የመዝገብ ቤቱ ግን ልክ ሊያልቅ ሲል የጫነውን ሁሉ መልሶ ያጠፋዋል። ከዚያ በእንግሊዝኛ "የድጋፍ ሠራተኛ ያነጋግሩ" ይላል። የድጋፍ ሠራተኛዋ እኔ ነኝ።

አራት ጊዜ ሞከርኩ። መዝገብ ቤት የሚሠሩት ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር የቀራቸው ሽማግሌ ናቸው። ከጀርባዬ ቆመው "ቀስ በይ ልጄ፣ አይሸሽም" ሲሉኝ ደሜ ፈላ። ሄጄ ለኃላፊው፣ ከእኔ ብዙም ለማይበልጥ ልጅ፣ "እሳቸው የሆነ ነገር ነካክተው አበላሽተውታል" አልኩት። ሳላጣራ።

"በቃ፣ ቦታውን ለወጣት እንሰጣለን" አለ። "እሳቸው ሶፊ ቅርንጫፍ ይዛወራሉ።"

ሶፊ ለመድረስ ከመኪና ወርዶ ዳገት መውጣት አለ። እሳቸው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ወንበር ላይ እንኳ የሚቀመጡት ጠረጴዛ ተደግፈው ነው።

ተመልሼ ሎጉን ከፈትኩ፤ መጫኛው የሠራውን ሁሉ በየመስመሩ የሚጽፍበት ፋይል ነው። መጀመሪያውኑ እሱን ማንበብ ነበረብኝ። የወደቀችው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ከራሱ የጨመራት አንዲት ትእዛዝ ናት፣ ከስተም አክሽን የሚሏት። ሥራዋ የመጠቀሚያ ፈቃዱን ቀን ማየት ነው። "ገና አልጀመረም" ብላ ቁጭ ብላለች።

የኮምፒውተሩን ቀን አየሁት። ሰባት ዓመት ወደኋላ ነው።

"ጋሼ፣ ይሄን ቀን ማን ነው የቀየረው?"

"እኔ ነኛ፣ ወደ እኛ አቆጣጠር። ደብዳቤው ላይ ቀኑን ራሱ ኮምፒውተሩ ነው የሚያወጣው። በፈረንጅ ቀን ደብዳቤ ላውጣ?"

"ጳጉሜንስ? አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም እኮ።"

"ጳጉሜን እረፍት እወጣለሁ። ጥቅምትንም ፌብሩዋሪ ነው ብሎ በሃያ ስምንት ስለሚቆርጠው መጨረሻው ላይ ትንሽ ያምፃል፣ በእጄ አርመዋለሁ።"

ሳቄ አመለጠኝ። ቀኑን አስተካክዬ ስጭነው ገባ። ከእንግዲህ ቀኑን ራሳቸው መጻፍ እንዳለባቸው ነገርኳቸው። "ማሽን ገዝተን በእጅ" ብለው አጉረመረሙ።

ኃላፊው ጋ ተመልሼ ወጣሁ። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። አንተ የምትፈርምባቸው ደብዳቤዎች ቀናቸው ልክ የሆነው እሳቸው ስላሉ ነው።"

ከፋይሉ አንድ ደብዳቤ መዝዞ ቀኑን አየ። "እኔ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያውቅ መስሎኝ" አለ።

የዝውውሩን ደብዳቤ ግን ፈርሞ ልኮታል። ማንኛውም ደብዳቤ ቁጥር የሚያገኘው መዝገብ ቤት ስለሆነ፣ የሄደው ለራሳቸው ለሽማግሌው ነው። አብረን ወረድን። ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጧል፣ ቁጥር የለውም።

"ለምን አልመዘገቡትም?" አላቸው።

"ፕሮግራሙ ሲገባ በአዲሱ ልጀምረው ብዬ።"

ኃላፊው ወረቀቱን አንስቶ ለአራት አጠፈና ኪሱ ከተተው። "ይሄ ይቅር፣ በሌላ ይጀምሩ" አለ።

እሳቸው ጠረጴዛውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

"በይ አሳዪኝ። እንዳትቸኩዪ ብቻ።"