አጥንት ያቀለመው ብረት

ልጅ እያለሁ አባቴ የሚሸተው የተቃጠለ አጥንት ነበር። የሌላው ልጅ አባት ሲጋራ ወይም የመኪና ዘይት ይሸታል፤ የእኔው ግን ከሥራ ቤቱ ወጥቶ ሊስመኝ ሲመጣ እማዬ "እስቲ መጀመሪያ ታጠብ" ትለው ነበር። ካዛንቺስ ውስጥ ከሥጋ ቤቶቹ ጀርባ የቀበሌ ቤት ነበረችን። አባቴ ከጓዳዋ ጎን በቆርቆሮ በከለላት ጠባብ ቦታ ጠብመንጃ ይጠግናል። ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ያባታቸውን፣ ያያታቸውን የአደን መሣሪያ ያመጡለታል። ሰደፍ ይቀይራል፣ ምላጭ ያስተካክላል፤ ይህን የሚሠራ ሌላም ሰው አይጠፋም። የእሱ ልዩ ሙያ ቀለሙ ነበር።

ቀለም ስል የሚቀባውን አይደለም። በወጣትነቱ ከአንድ ሽማግሌ አርመን የተማረው ሙያ ነው። አጥንት በተዘጋ ጣሳ ውስጥ እስኪከስል ይቆላል፤ ከሊስትሮዎች የተለቀመ ቁርጥራጭ ቆዳም እንዲሁ። ከዚያ ሁሉም በእማዬ ሙቀጫ ይወቀጣል። በዚያ ሙቀጫ ዳግመኛ ቅመም አልተወቀጠበትም፤ በእሱ ሰበብ የተነሳው ጠብ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የጠብመንጃው ብረቶች በብረት ሣጥን ውስጥ በጥቁሩ ዱቄት ይቀበሩና ክዳኑ በጭቃ ተመርጎ እሳት ውስጥ ይውላሉ። ሲበቃቸው ሣጥኑ በርሜል ውኃ ላይ ይገለበጣል። ያኔ የእኔ ተራ ነው። በርሜሉ ውስጥ በገባ ቀጭን ጎማ፣ በብስክሌት መንፊያ አየር እነፋለሁ። ውኃው ካልተፍለቀለቀ ቀለሙ አይወጣም። "ንፊ! ንፊ! እንዳታቆሚ!" ይለኛል፤ እኔም እጄ እስኪዝል እነፋለሁ። ብረቱ ከውኃው ሲወጣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ የገለባ ቢጫና ቡኒ ተዋህደውበት ፀሐይ ያረፈበት የርግብ አንገት ይመስላል። ላዩም ይጠነክራል፤ አባቴ ግን ስለ ጥንካሬው ብዙም አያወራም ነበር። ቀለሙ ስስ ነው፣ በብርቱ ከታሸ ይለቃል፤ ሁለት ጊዜም አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም።

ጋሼ ዘውዴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ለገሃር አካባቢ ሱቅ ነበራቸው፤ ቤታቸውም ድምፃቸውም ሰፊ ነበር። አያቴ ሰሜን ሸዋ ሲሞቱ ባለሁለት አፈሙዙን የአደን ጠብመንጃ ጋሼ ዘውዴ በታላቅነታቸው ወሰዱት። ከአያቴ ጋር አደን ይወጣ የነበረው ግን አባቴ ነው፤ ሲታመሙም ያስታመማቸው እሱ ነው። አባቴ አልተከራከረም፤ ብቻ ከዚያ ወዲህ የወንድሙን ደጅ አልረገጠም። በዓል በመጣ ቁጥር እማዬ ታለቅስ ነበር። ወንድማማቾች አንድ ከተማ ውስጥ እየኖሩ እንደ ባዳ መሆናቸው ያንገበግባት ነበር። እኔም አብሬያቸው ያደግሁትን የአጎቴን ልጆች እናፍቅ ነበር።

አንድ ዓመት ሁዳዴ እንደተያዘ፣ ጠብመንጃው በጆንያ ተጠቅልሎ እየዛገ መሆኑን እማዬ ከጋሼ ዘውዴ ሚስት ሰማች። "ይላኩልኝና ላድሰው በላቸው፤ በዚያው ትታረቃላችሁ" ብላ አባቴን ለመነችው። መጀመሪያ ተቆጣ፣ በመጨረሻ ግን "እስቲ ይምጣ" አለ። ሲመጣለት ከጆንያው አውጥቶ ጭኑ ላይ አስተኛውና ሲደባብሰው አየሁት። አባቴን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር።

ችግሩ አጥንት ነበር። ጾም ስለሆነ የሰፈሩ ሥጋ ቤቶች ተዘግተዋል። ክፍት የነበረው የሙስሊሙ ጎረቤታችን የጋሽ ሸምሱ ሥጋ ቤት ብቻ ነው። አባቴ እኔን ላከኝ። ጋሽ ሸምሱ አጥንቱን በጋዜጣ እየጠቀለለ "ከጠየቁሽ ለውሻ ነው በያቸው" ይለኝና ይስቃል። ውሻ እንደሌለን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጎረቤታችን እትዬ ትርንጎ ጭሱ ሲሸታቸው በአጥር ቀዳዳ አይተው "በሁዳዴ አጥንት ይጠብሳሉ!" ብለው ወሬውን አዳረሱት። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሴቶቹ እማዬን ይገላምጧት ጀመር። ልጆቹም እኔን "ጾም ገዳፊ" አሉኝ። አልቅሼ ለአባቴ ብነግረው "እስከ ፋሲካ ቻይው" አለኝ። ቻልኩት።

ያን ጊዜ ከበርሜሉ የወጣውን ብረት ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። አባቴ በጨርቅ ይዞ ወደ ብርሃን አዞረውና "ከእጄ እንዲህ ያለ ወጥቶ አያውቅም" አለ። ቀጥሎ አያቴን አስታውሶ "አባባ ባዩት" አለና ፊቱን አዞረ። እማዬ እንኳን ለዚያች ቀን የሙቀጫውን ነገር ረሳችው። ጠብመንጃው ተገጣጥሞ ለጋሼ ዘውዴ ተላከ፤ እሳቸውም ምስጋና ልከው ለፋሲካ ቤተሰቡን በሙሉ ጠሩን። እማዬ እልል አለች።

የፋሲካ ዕለት አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ሄድን። በር ላይ ተቃቀፉ። እኔ ከአጎቴ ልጆች ጋር እየተገፋፋሁ ሳሎን ስገባ ጠብመንጃውን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ብረቱ እንደ ማንኪያ ነጭ ሆኗል። አንዲት ቀለም አልቀረችበትም።

ጋሼ ዘውዴ የአባቴን ትከሻ ያዝ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እሳቸው ድምፅ ዝቅ ሲያደርጉ ቤቱ ሁሉ ይሰማቸዋል። "አይዞህ፣ ለማንም አልተናገርኩም። እሳት በልቶት ተዥጎርጉሮ መጣ፤ መቼስ እጅህ ስቶ ይሆናል ብዬ ቁጭ ብዬ በአመድና በድስት ማጠቢያ ሽቦ ፈተግኩት። ይኸው ለቀቀ! በጾም አጥንት ያቃጥላል ሲሉህም ሰምቻለሁ፤ እሱንም እግዜር ይቅር ይበልህ። በቃ፣ ያለፈው አለፈ።"

ይቅር ባዩ እሳቸው ሆኑ!

አባቴ ጠብመንጃውን አየው፣ እሳቸውን አያቸው። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድም ጋሼ" አለ። እጁን ታጥቦ ገበታ ቀረበ፣ ከወንድሙ እጅ አንድ ጉርሻ ተቀበለ፣ ከዚያ ሆዴን አመመኝ ብሎ ተነሳ። መንገድ ላይ እማዬ "ለምን አትነግራቸውም? ውበቱ ነው፣ ልፋቴ ነው በላቸው እንጂ!" ብትለው "ዓይን አላቸው አይደል?" አላት። 

እስኪሞት ድረስ ያን ቤት ዳግመኛ አልረገጠም። ቀለምም አልሠራም፤ ሰው ሲጠይቀው "ትቼዋለሁ" ይል ነበር። ቀብሩ ላይ ጋሼ ዘውዴ ደረታቸውን እየደቁ "ወንድሜ፣ ምን በድዬህ ነው የተቀየምከኝ?" ሲሉ ለቀስተኛው ሁሉ አብሯቸው አነባ። እኔ ዕንባዬ ደረቀ። ያን ዕለት እሳቸውን የጠላኋቸውን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም። አባቴንም ቢሆን ተናድጄበት ነበር። ያችን አንድ ቃል ተናግሮ ቢሆን እኔም ዘመድ ኖሮኝ ባደግሁ፣ እማዬም በየበዓሉ ባላለቀሰች።

ዛሬ የካዛንቺሱ ግቢያችን ፈርሷል፤ በራችን የት ጋ እንደነበር አሳዪ ብባል አልችልም። እዚያ ሰፈር በሁዳዴ ማን ምን እንዳቃጠለ የሚያሸት ጎረቤትም የለም። እትዬ ትርንጎ እንኳን ይናፍቁኛል ብል ማን ያምነኛል?

ባለፈው ሰሞን ጋሼ ዘውዴ ከዘራቸውን ተደግፈው ቤቴ መጡ። የልጅ ልጃቸው በስልኩ የጠብመንጃ ፎቶ ሲያሳያቸው ያን ቀለም አይተውት ኖሯል፤ ውጭ አገር ሰው ተራ ጠብቆ የሚያሠራው መሆኑንም ነግሯቸዋል።

"ይሄ እኮ... ወንድሜ የሠራልኝ እኮ ነው" አሉኝ፤ ድምፃቸው ያ ሰፊው ድምፅ አይደለም። "የተቃጠለ መስሎኝ ነው፣ ልጄ። ማን ነገረኝ? አንቺ አብረሽው ትሠሪ አልነበር? ከመሞቴ በፊት እንደነበረ ልታደርጊልኝ ትችያለሽ?"

እችላለሁ። አጥንቱ ምን ሲመስል ከእሳት እንደሚወጣ፣ ሣጥኑ ምን ያህል ሲቀላ እንደሚገለበጥ፣ ሁሉንም አውቃለሁ። የአባቴ ወንድም ሶፋዬ ላይ ተቀምጠው ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ እያየሁ፣ እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በሉት።

"አላስተማረኝም፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ደግፌ አወጣኋቸውና ታክሲ አሳፈርኳቸው። መዋሸቴ አልቆጨኝም። የቆጨኝ አባቴ ያን ጥያቄ ሳይሰማ መሞቱ ነው።